ሳያዩ የፈረዱ፣ አይተው ያዘኑ፦ የ«ላይፍ ኦቭ ብራያን» ጉዳይ

ኖቬምበር 9 ቀን 1979 ምሽት በቢቢሲ 2 ቴሌቪዥን ላይ አራት ሰዎች ለክርክር ተቀመጡ። በአንድ ወገን ጆን ክሊስና ማይክል ፔሊን የተባሉ ኮሜዲያን ነበሩ። በሌላው ወገን የሳውዝዋርክ ጳጳስ መርቪን ስቶክዉድና አንጋፋው ጋዜጠኛ ማልኮልም ማገሪጅ ነበሩ። አወያያቸው የዘፈን ግጥም ጸሐፊው ቲም ራይስ ነው። ያከራከራቸው ፊልም «ላይፍ ኦቭ ብራያን»፣ ማለትም የብራያን ሕይወት፣ በእንግሊዝ መታየት የጀመረው ገና በዋዜማው ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያ ክርክር እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ግን ማን አሸነፈ፣ ማን ተዋረደ በሚል ነው። እኔ ጉዳዩን መልሼ ማየት የፈለግኩት በሌላ ምክንያት ነው። በፊልሙ ላይ የተነሣው ቁጣ ከሩቅ ሲያዩት አንድ ይመስላል፤ ቀረብ ብለው ሲፈቱት ግን ቢያንስ ሁለት ነው። አንደኛው ፊልሙን ጭራሽ ሳያዩ ወይም ገምሰው አይተው የፈረዱ ሰዎች ቁጣ ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይተው፣ የተባለውን በትክክል ተረድተው፣ ከዚያ በኋላም ልባቸው የተሰበረ ሰዎች ሐዘን ነው። ለመጀመሪያው ቁጣ መልስ ሞልቶለታል። ሁለተኛው ሐዘን ግን የሚገባውን መልስ አላገኘም። የፊልሙ ወዳጆችም ሁለቱን እያደባለቁ ቀላሉን ብቻ ሲመልሱ ኖረዋል።

ታሪኩ ምንድን ነው?

ፊልሙን የሠሩት ሞንቲ ፓይተን በሚለው የቡድን ስማቸው የሚታወቁት ስድስት ኮሜዲያን ናቸው፦ ግሬም ቻፕማን፣ ጆን ክሊስ፣ ቴሪ ጊሊያም፣ ኤሪክ አይድል፣ ቴሪ ጆንስና ማይክል ፔሊን። ዳይሬክተሩ ጆንስ ነው፤ ብራያንን ሆኖ የተጫወተው ቻፕማን ነው።

ብራያን ኢየሱስ በተወለደበት ሌሊት በጎረቤት በረት የተወለደ ተራ አይሁዳዊ ነው። ሰብአ ሰገል መንገድ ስተው መጀመሪያ የሚገቡት የእሱ እናት ዘንድ ነው። ሰግደው ስጦታቸውን ይሰጣሉ፤ ትንሽ ቆይተው ትክክለኛውን በረት ሲያገኙ ግን ተመልሰው ከእጇ ይነጥቋታል። ከዚያ ብራያን አድጎ የተራራውን ስብከት ሊሰማ ከሕዝቡ መሀል ቆሞ ይታያል። ኢየሱስን ሆኖ የተጫወተው ኬኔት ኮሊ ቃሉን የሚናገረው በወንጌል እንደተጻፈው፣ ያለ አንዳች ፌዝ ነው። ካሜራው ግን ቀስ በቀስ ወደ ኋላ እየራቀ ድምፁ በቅጡ የማይሰማበት የሕዝቡ ዳርቻ ላይ ይደርሳል። እዚያ የቆሙት ሰዎች «የሚያስተራርቁ ብፁዓን ናቸው» የተባለውን «አይብ የሚሠሩ ብፁዓን ናቸው» ብለው ይሰሙታል። ሰምተውም ዝም አይሉም፤ ትርጓሜ ይሰጡበታል፣ ይነታረካሉ፣ መጨረሻ ላይ ቡጢ ይሰናዘራሉ።

እነዚህ ሁለት ትዕይንቶች ለጠቅላላው ጉዳይ ቁልፍ ናቸው። ኢየሱስ በፊልሙ ውስጥ በአካል ያለው በእነሱ ብቻ ነው፤ ብራያንና ኢየሱስ ሁለት የተለያዩ ሰዎች መሆናቸውም የተነገረው ገና እዚያ ነው። እነሱን ያለፈው ሰው ሌላ ፊልም ነው የሚያየው።

ከዚያ ወዲያ ብራያን ሮማውያንን ለማባረር ከሚዶልት ቡድን ጋር ይቀላቀላል። የዚህ ቡድን አባላት ከሮማውያን ይልቅ የሚጠሉት ስሙ ከእነሱ ስም ጋር የሚመሳሰለውን ሌላ ቡድን ነው። የዘመኑ የእንግሊዝ ግራ ዘመም ፓርቲዎች ራሳቸውን በዚህ ውስጥ ሳያዩ አልቀሩም። አንድ ቀን ብራያን ከወታደሮች ሲሸሽ በመንገድ ዳር ሰባኪዎች መሀል ይወድቃል። እንዳይያዝ ብሎ የመጣለትን ይቀባጥራል፤ ንግግሩን ሳይጨርስ ሲያቋርጥ ግን ሕዝቡ የቀረውን ምስጢር ነው ብሎ ይከተለዋል። ሲሮጥ አንዲት ጫማው ከእግሩ ትወልቃለች። ጫማዋን ምልክት ያደረጉና አንዲትን ቅል ምልክት ያደረጉ ተከታዮች ወዲያው ተከፋፍለው ይጣላሉ። «እኔን አትከተሉ፣ እያንዳንዳችሁ በራሳችሁ አስቡ» ሲላቸው፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ «አዎ፣ በራሳችን እናስባለን» ብለው ይመልሱለታል። በመጨረሻ ሮማውያን ይዘው ከብዙ ሰዎች ጋር ይሰቅሉታል። የተሰቀሉት ሰዎች በመስቀል ላይ እንዳሉ ደስ የሚል ዜማ ያለው ዘፈን ይዘፍናሉ፤ ፊልሙም በዚያ ያልቃል።

የሐሳቡ መነሻ በኢየሱስ ስም የተቀለደ አንድ የርዕስ ቀልድ ነበር። ኋላ ግን ወንጌላትንና የዘመኑን ታሪክ ማንበብ ሲጀምሩ፣ አባላቱ ደጋግመው እንደተናገሩት፣ ከኢየሱስ ትምህርት የሚያላግጡበት ነገር አጡ። የሚያስቅ ሆኖ ያገኙት ትምህርቱን የሰሙትን ሰዎች ነው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከገንዘብ ከፋዩ ነው የመጣው

ፊልሙን ሊያሠራ የተስማማው ኢ.ኤም.አይ. የተባለው ኩባንያ ነበር። በ1978 ዝግጅቱ ተጠናቅቆ ሥራው ሊጀመር ሲል የኩባንያው አለቃ በርናርድ ዴልፎንት ጽሑፉን አንብበው ደነገጡና ገንዘቡን አቋረጡ። ሥራውን ያዳነው የቢትልስ የሙዚቃ ቡድን አባል የነበረው ጆርጅ ሃሪሰን ነው። ከሥራ አጋሩ ከዴኒስ ኦብራየን ጋር «ሃንድሜድ ፊልምስ» የተባለ ኩባንያ አቋቁሞ፣ ቤቱን ሳይቀር አስይዞ፣ 3 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ አቀረበ። ለምን ብለው ሲጠይቁት ፊልሙን ማየት ስለፈለግኩ ነው አለ። ሃሪሰን በሕንድ መንፈሳዊ ትምህርት በጥልቅ የሚያምን፣ ስለ እግዚአብሔር የዘመረ ሰው ነው። ለጸሎት ትልቅ ቦታ የሚሰጥ ሰው ንብረቱን ያስያዘለትን ፊልም የሃይማኖት ጠላቶች ሥራ ነው ብሎ ማለፍ ይከብደኛል።

ቀረጻው የተካሄደው በቱኒዚያ፣ ሞናስቲር ከተማ ነው። ጣሊያናዊው ፍራንኮ ዜፊሬሊ ስለ ኢየሱስ ሕይወት ለሠራው ተከታታይ የቴሌቪዥን ፊልም ያስገነባቸውን ቤቶችና ግንቦች መልሰው ተጠቅመውባቸዋል።

ሕጉ ቀልድ አልነበረም

የዛሬ አንባቢ የያኔውን ፍርሃት እንደ ማጋነን ሊያየው ይችላል። ግን አልነበረም። በእንግሊዝ ሃይማኖትን መሳደብ ያኔ በሕግ የሚያስቀጣ ወንጀል ነበር፤ ሕጉ የሚጠብቀውም የክርስትናን እምነት ብቻ ነበር። ለረጅም ዘመን ማንም ሳይከሰስበት ቆይቶ የሞተ ሕግ ሲባል፣ በ1977 ሜሪ ዋይትሃውስ ቀሰቀሱት። እኚህ ሴት ቴሌቪዥንና ሲኒማ የአገሪቱን ሥነ ምግባር እያበላሹ ነው ብለው ሕይወታቸውን ለዚህ ትግል የሰጡ የቀድሞ መምህርት ናቸው። «ጌይ ኒውስ» የተባለው ጋዜጣ ስለ ክርስቶስ ባሳተመው አንድ ግጥም ከሰሱ፤ ጋዜጣውና አዘጋጁ ጥፋተኛ ተባሉ። አዘጋጁ የተፈረደበት የ9 ወር እስራት ኋላ በይግባኝ ቢነሣም ጥፋተኝነቱ ጸና። በ1979 መጀመሪያ፣ ፊልሙ ከመታየቱ ጥቂት ወራት አስቀድሞ፣ የአገሪቱ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ ችሎት በሦስት ለሁለት ድምፅ ፍርዱን አጸና። በዚያውም አንድ ከባድ ነገር ወሰነ፦ ጸሐፊው የመሳደብ ሐሳብ ነበረው ወይስ አልነበረውም የሚለው አይጠየቅም፤ የታተመው ነገር ራሱ ስድብ ከሆነ በቂ ነው።

ይህ ለፓይተኖች ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። «እኛ ኢየሱስን ልንነካ አላሰብንም» ማለት በሕግ ፊት አያድናቸውም። የፊልም ሳንሱር ቦርዱም የሕግ ባለሙያዎች አማክሮ ነው የወሰነው። ምክሩ ፊልሙ በዚህ ሕግ እንደማያስጠይቅ ስላስረዳ፣ ቦርዱ አንድም ነገር ሳይቆርጥ ከ14 ዓመት በላይ ለሆነ ሁሉ ፈቀደው። ብራያን ሌላ ሰው መሆኑ፣ ኢየሱስም በክብር መታየቱ ትልቅ ክብደት ነበረው። ከላይ ያነሣኋቸው ሁለት ትዕይንቶች የፊልሙ የሕግ ጋሻም ነበሩ ማለት ነው።

የአካባቢ ምክር ቤቶች

ተቃዋሚዎች በዚህ አላቆሙም። በእንግሊዝ አሠራር የሳንሱር ቦርዱ ውሳኔ የመጨረሻ አይደለም፤ ለሲኒማ ቤት ፈቃድ የሚሰጠው የየአካባቢው ምክር ቤት ስለሆነ፣ ምክር ቤቱ ቦርዱ የፈቀደውን ሊከለክል ይችላል። ዋይትሃውስና «ፌስቲቫል ኦቭ ላይት» የተባለው የክርስቲያኖች ንቅናቄ ይህን በር አገኙት። ለአብያተ ክርስቲያናትና ለምክር ቤት አባላት በራሪ ጽሑፍ ላኩ፤ ደብዳቤ አስጻፉ።

ውጤቱ ቀላል አልነበረም። 39 ምክር ቤቶች ወይ ፊልሙን ጨርሶ ከለከሉ፣ ወይ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ እንዳይታይ አደረጉ። አከፋፋዩ ደግሞ ቦርዱ ከሰጠው የዕድሜ ደረጃ ውጭ አላሳይም ስላለ፣ ሁለተኛውም ውሳኔ በተግባር እገዳ ሆነ። ከእነዚህ ምክር ቤቶች አንዳንዶቹ በአካባቢያቸው አንድም ሲኒማ ቤት አልነበራቸውም፤ ማንም ሊያሳየው በማይችልበት ቦታ እንዳይታይ ከለከሉ። እጃቸውን ካወጡት አባላት መካከል ፊልሙን ያላዩ ብዙዎች ነበሩ።

«ሳይጣራ ወሬ፣ ሳይገደል ጎፈሬ» የሚለው ተረት ለእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ ነው። ምክር ቤት ማለት ሕዝብ ያለውን ሥልጣን አምኖ የሰጠው አካል ነው። ያ አካል ሌላው እንዳያይ ሲወስን ቢያንስ ራሱ ማየት ነበረበት። አላይም ማለት የማንም ሰው መብት ነው፤ ብዙ አማኞችም እንዲህ ዓይነቱ ፊልም ዓይኔን አይነካውም ብለው መቅረታቸው የሚከበር ነው። ጎረቤቴም እንዳያይ ብሎ ሳያዩ መፍረድ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ለዚህ ምንም መከላከያ አላገኘሁለትም።

እገዳው ያሰበውንም አላደረገም። በታገደባቸው አካባቢዎች ያሉ ሰዎች፣ በተለይ ተማሪዎች፣ አውቶቡስ እየተሳፈሩ ወደሚታይበት አጎራባች ከተማ ሄዱ። ጥቂት እገዳዎች ማንም ሳያስታውሳቸው አሥርት ዓመታት ኖሩ፤ የግላስጎው የተነሣው በ2009 ነው። በዚያው ዓመት በዌልሷ አበሪስትዊዝ ከተማ ፊልሙ ሲታይ ጆንስና ፔሊን በእንግድነት ተገኝተው ነበር። የከተማዋ ከንቲባ ሱ ጆንስ-ዴቪስ ነበረች፤ በፊልሙ ውስጥ የብራያንን ፍቅረኛ ጁዲትን ሆና የተጫወተችው ራሷ ናት።

በሌሎች አገሮች

አሜሪካ ላይ ፊልሙ የወጣው ቀደም ብሎ፣ ኦገስት 17 ቀን 1979 ነው። እዚያ ድምፃቸውን ካሰሙት ከመጀመሪያዎቹ መካከል የአይሁድ ረቢዎች ማኅበራት ነበሩ፤ የካቶሊክና የሉተራን ወገኖችም ተከተሉ። በኒውዮርክ በአከፋፋዩ ኩባንያ ሕንፃ ፊት መነኮሳይያትና ረቢዎች አንድ ላይ ሰልፍ ወጡ። በደቡብ ካሮላይና ደግሞ ሴናተር ስትሮም ተርመንድ በአንድ ፓስተር ልመና ጣልቃ ገብተው በኮሎምቢያ ከተማ ካለ ሲኒማ ቤት ፊልሙን አስወረዱ፤ ወዲያውም ይመለስልን የሚሉ ሌሎች ሰልፈኞች ወጡ። ፊልሙ በአሜሪካ 20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገባ።

አየርላንድ በ1980 አገደችው፤ እስከ 1987ም አልፈቀደችም። ኖርዌይ ደግሞ ለጊዜው አግዳ ለቀቀችው። ጎረቤት ስዊድን ውስጥ ማስታወቂያው «ከማሳቁ የተነሣ በኖርዌይ የታገደ ፊልም» ይል ነበር።

ወደዚያ ምሽት እንመለስ

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ የቴሌቪዥኑ ክርክር ነው፤ ምክንያቱም ሊሆን ይችል የነበረው አልሆነም። ክሊስና ፔሊን ተዘጋጅተው ነው የመጡት። ስለ ዘመኑ ታሪክ አንብበዋል፤ ስለ እምነትና ስለ ተከታይነት የሚሉት ነበራቸው። በወዲያኛው ወገን ያሉትም ተራ ሰዎች አልነበሩም። ማገሪጅ በ1950ዎቹ «ፓንች» የተባለውን የስላቅ መጽሔት ያዘጋጁ፣ ታላላቆችን በመንቀፍ ስም ያተረፉ፣ በኋለኛ ዕድሜያቸው ወደ ክርስትና የመጡና እናት ተሬዛን ለዓለም ካስተዋወቁት አንዱ ናቸው። ስላቅ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም። ስቶክዉድም ደፋር በመባል የሚታወቁ ጳጳስ ነበሩ።

ሁለቱ ግን ፊልሙን ሊያዩ ሲሄዱ አርፍደው ነበር፤ ፓይተኖቹ ኋላ እንደደረሱበት የመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃ ገደማ አምልጧቸዋል። ያመለጣቸው የትኛው ክፍል እንደሆነ አስቡ። የሰብአ ሰገል ስህተትና የተራራው ስብከት ናቸው። ስለዚህ ሁለቱ አዛውንት ክርክሩን በሙሉ የተከራከሩት ብራያን ማለት ስሙ የተቀየረ ኢየሱስ ነው በሚል መነሻ ነው። ፔሊን ሁለት የተለያዩ ሰዎች መሆናቸውን በፊልሙ ታይቷል ቢል አልሰሙትም፤ ለእነሱ ማምለጫ ፍለጋ ይመስል ነበር።

ማገሪጅ ፊልሙን አሥረኛ ደረጃ ብለው አጣጣሉት፤ የታላላቅ ካቴድራሎች፣ ሥዕሎችና ዜማዎች ምንጭ የሆነውን ታሪክ እንዲህ ማውረድ ምን ይባላል አሉ። ክሊስ ፊልሙ የሚለው ሰው የተነገረውን ሁሉ ሳይመረምር እንዳይቀበል ነው ብሎ ተከራከረ። ጳጳሱ ሐምራዊ ልብሰ ጵጵስናቸውን ለብሰው፣ በደረታቸው ላይ የተንጠለጠለውን ትልቅ መስቀል እየነካኩ፣ ወጣቶቹን እንደ ተማሪ ገሠጿቸው። መጨረሻም ላይ ሠላሳ ብራችሁን ታገኛላችሁ አሏቸው። ሠላሳ ብር የይሁዳ ዋጋ መሆኑን የማያውቅ ተመልካች አልነበረም። የተረጋጋ ሰው በመሆን የሚታወቀው ፔሊን በዚያ ምሽት መናደዱ በግልጽ ይታያል።

ከዚያ በኋላ የሕዝቡ ስሜት ወደ ኮሜዲያኑ ማዘንበሉ አያስደንቅም። አንድ ጳጳስ በሙሉ ያላየውን ነገር በይሁዳ ክህደት መስሎ ሲናገር ተመልካች ይታዘባል። የጠፋው ግን የጳጳሱ ክብር ብቻ አልነበረም። አንድ ከባድ ጥያቄ በዚያ ምሽት ሳይጠየቅ ቀረ።

መስቀሉ

ብራያን ኢየሱስ አይደለም እንበል፤ ፊልሙን በሙሉ ያየ ሰው ሁሉ ይህን ይቀበላል። ቀልዱም በክርስቶስ ላይ ሳይሆን በተከታዮች ጅልነት ላይ ነው እንበል፤ እሱም እውነት ነው። እንዲያውም በፊልሙ ውስጥ ኢየሱስ ከለምጹ የፈወሰው አንድ ለማኝ አለ፤ ከዳነ ወዲህ የልመና ገቢው ስለቀረበት ያማርራል። በቀልዱ ውስጥ ተአምሩ በእርግጥ ተፈጽሟል፤ የሚያስቀው የሰውየው ምስጋና ቢስነት ነው። ይህን ትዕይንት ለእምነት ስድብ ነው ለማለት ብዙ መጨነቅ ይጠይቃል።

የመጨረሻው ትዕይንት ግን ከዚህ ሁሉ ይለያል። የተሰቀሉ ሰዎች፣ እጃቸው በእንጨት ላይ ተዘርግቶ፣ በዜማ እየተወዛወዙ «ሁልጊዜ የሕይወትን ብሩህ ገጽ ተመልከት» የሚል መንፈስ ያለው ዘፈን ይዘፍናሉ። ፊልሙን በሙሉ አይተው፣ እስከዚያ ድረስም ስቀው፣ እዚህ ሲደርሱ ግን ፊታቸው የተለወጠ አማኞች ነበሩ። ዛሬም አሉ።

ፓይተኖቹ ለዚህ የሚሰጡት መልስ የታሪክ መልስ ነው። ስቅለት ለሮማውያን የተለመደ ቅጣት ነበር ይላሉ። ይህም እውነት ነው። የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊው ዮሴፍ እንደመዘገበው ኢየሱስ በተወለደበት ዘመን አካባቢ፣ ሄሮድስ በሞተበት ጊዜ የተነሣውን ዓመፅ ያበረደው የሮም ገዢ ቫሩስ 2,000 ያህል ሰዎችን ሰቅሏል። የስፓርታከስ ዓመፅ ሲከሽፍም ከካፑዋ እስከ ሮም ባለው መንገድ ዳር 6,000 ባሪያዎች ተሰቅለዋል። መስቀል ላይ የሞተ ሁሉ ክርስቶስ አይደለም፤ ስም የሌላቸው በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች እንዲህ ሞተዋል። ፊልሙ ይህን ማስታወሱ ራሱ ዋጋ አለው።

ለአማኙ ግን መስቀል የቅጣት ታሪክ አንድ ምዕራፍ ብቻ አይደለም። በእንጨት ላይ እጁን የዘረጋ ሰው ባየ ቁጥር የሚያስበው አንድን ሰው ነው፤ ይህ ደግሞ የአላዋቂነት ውጤት ሳይሆን የዕድሜ ልክ ጸሎት ውጤት ነው። የፊልሙ ሠሪዎችም ይህን ያውቃሉ፤ ትዕይንቱ የሚያስደነግጠውና የሚያስቀውም ተመልካቹ ያንን አንድ ሰው ስለሚያስብ ነው። በተመልካቹ ልብ ውስጥ ባለው ምስል ተጠቅሞ አስቆ፣ ተመልካቹ ቅር ሲለው ግን «ያ እኮ ሌላ ሰው ነው» ማለት ሙሉ መልስ አይደለም። ቢያንስ እኔን አላረካኝም።

ማገሪጅ ፊልሙን ከመጀመሪያው አይተውት ቢሆን ኖሮ ይህን ሊጠይቁ ይችሉ ነበር፤ አቅሙም ነበራቸው። ሐዋርያው ጳውሎስ የተሰቀለው ክርስቶስ ለአይሁድ ማሰናከያ፣ ለአሕዛብም ሞኝነት ነው ሲል መስቀል ገና ከጅምሩ ለመሳለቅ የተጋለጠ መሆኑን ተናግሯል። ክርስትና ከዚያ መሳለቅ ጋር ሁለት ሺህ ዓመት ኖሯል። ከዚህ ተነሥቶ ከክሊስ ጋር መነጋገር ቢጀመር ሁለቱም ወገን አንድ ነገር ይማር ነበር። ክሊስም መልስ አያጣም ነበር ብዬ አስባለሁ፦ ሞት በማይቀርበት ሰዓት ሰው ከመጮህና ከመዝፈን መዝፈንን ቢመርጥ፣ ያ ስድብ ነው ወይስ ድፍረት?

ይህን ሁለተኛውን ንባብ የሚደግፍ ታሪክ አለ። ሜይ 4 ቀን 1982፣ በፎክላንድ ጦርነት፣ ሼፊልድ የተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ በሚሳኤል ተመትታ ስትቃጠል፣ የተረፉት መርከበኞች አዳኝ እስኪደርስላቸው ይህንኑ ዘፈን ዘፈኑ። ሃያ ጓዶቻቸው ሞተዋል። ዘፈኑ ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝ ቀብሮች ላይ በብዛት ከሚጠየቁት አንዱ ሆኗል። ለፊልሙ የሚከራከሩ ሰዎች ይህን ሁልጊዜ ያነሣሉ፤ እኔንም ይነካኛል።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልብ ይሏል። መርከበኞቹ ሲዘፍኑ ፊታቸው ላይ መስቀል አልነበረም፤ በቀብሩም ላይ የሚሰማው ዜማው ነው። ዘፈኑ የሕዝብ መጽናኛ የሆነው ከትዕይንቱ ከተለየ በኋላ ነው። ስለዚህ የዘፈኑ መወደድ ትዕይንቱን አይቶ ላዘነው ሰው መልስ አይሆነውም። ያ ሰው ያዘነው በዜማው አይደለምና።

ከዚያ ወዲህ

ቴሪ ጆንስ ፊልማችን ስድብ አይደለም፣ ኑፋቄ ግን ሊሆን ይችላል ይል ነበር፤ የሚነካው እምነቱን ሳይሆን በእምነቱ ላይ የተገነባውን ተቋም ነው በሚል። ይህ ልዩነት ለብዙ የነገረ መለኮት ምሁራን ተቀባይነት አግኝቷል። በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ዲን የነበሩት የአንግሊካን ካህንና የአዲስ ኪዳን ሊቅ ሪቻርድ በሪጅ ከእነዚህ አንዱ ናቸው። በ2013 ከሮማው ጳጳስ ከፍራንሲስ እጅ ለነገረ መለኮት ምሁራን የሚሰጠውን የራትዚንገር ሽልማት የተቀበሉ ሰው ናቸው፤ ካቶሊክ ላልሆነ ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበር። በሪጅ ኮሜዲያኑ በኢየሱስ ትምህርት ላይ የሚሳቅበት ማጣታቸውን ለራሱ ለኢየሱስ እንደ ተሰጠ ክብር ያዩታል። የተራራውን ስብከት ትዕይንት በተመለከተ እስማማለሁ። ወደ መጨረሻው ትዕይንት ሲደርስ ግን ክብር የሚለው ቃል ይከብደኛል፤ የፊልሙ ሐሳብ እዚያ ስለ ሞት እንጂ ስለ ኢየሱስ አይደለም፤ ያዘነውም ተመልካች የሚለው ይህንኑ ነው።

በ2014 ኪንግስ ኮሌጅ በዚሁ ፊልም ላይ የሦስት ቀን ጉባኤ አካሄደ። የታሪክና የመጽሐፍ ቅዱስ ምሁራን ስለ አንደኛው ክፍለ ዘመን የይሁዳ ምድር፣ ስለ ነቢያቱ፣ ስለ ዓመፀኞቹና ስለ ስቅለት ጥናት አቀረቡ፤ ክሊስና ጆንስም ተገኝተው ተጠየቁ። በ1979 ያልተቻለው ንግግር በከፊልም ቢሆን እዚያ ተችሏል፤ ሁሉም ፊልሙን ከመጀመሪያው አይተውት ነበርና።

ሕጉም አብሮ ተለውጧል። በእንግሊዝና በዌልስ ሃይማኖትን የመሳደብ ወንጀል በ2008 ተሠረዘ። አየርላንድ በ2018 በሕዝበ ውሳኔ ከሕገ መንግሥቷ አወጣችው፤ ስኮትላንድም በ2021 አስወገደችው። ለመጀመሪያው ቁጣ፣ ሳያይ ለሚፈርደው፣ በሩ ተዘግቷል፤ መዘጋቱም ትክክል ነው እላለሁ። አይቶ ላዘነው ግን ድሮም ፍርድ ቤቱ ቦታው አልነበረም። የእሱ ጥያቄ የሚመለሰው ትዕይንቱን ከጻፉት ጋር በመነጋገር ነው። ከስድስቱ ቻፕማን በ1989፣ ጆንስ በ2020 አርፈዋል። ክሊስ፣ ፔሊን፣ አይድልና ጊሊያም ግን ስለዚህ ፊልም ሲጠየቁ መልስ ከመስጠት ቦዝነው አያውቁም።